የፊቷ ሦስት ስንኝ

ሰኞ፣ ጥር 5
ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ። ዚፕ ቀየርኩ። አንዷ ደንበኛዬ ወገቧ ከአምናው ንቅንቅ እንዳላለ ልታሳምነኝ ስትማል ዋለች። ሜትሩ ግን አልተቀበላትም።

ባሌ ከሥራ ሲመለስ፣ "ልጅቷ የሠርጓን ቀን ቆረጠች" አለኝ። ከፊት ሚስቱ የወለዳት ናት። እሰየው! ልጅቷን እወዳታለሁ፤ እሷም እትዬ ትለኛለች። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምናለ...

"አክስቴም በሠርጉ ላይ የዘሩን ሙገሳ ሙሉውን ሊያወርዱልን ነው።"

ሙሉውን። ማለትም ከቅድመ አያቱ ጀምሮ፣ እያንዳንዱ በየስንኙ። ማለትም የፊቷ ሚስቱም። ማለትም እኔ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ፈገግ ብዬ፣ አጨበጭባለሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 8
ለታሪክ ይመዝገብ፦ በዚህ ቤተሰብ ሙገሳ ውስጥ የሌለ ፍጡር የለም። ፈረስ ነጋዴው ቅድመ አያት አለ። ሦስት ጊዜ ከስሮ ሦስት ጊዜ ያገገመው አጎት አለ። ውሻ እንኳን አለ! ሌባ ያባረረ ውሻ፣ አንድ ሙሉ ስንኝ ተሰጥቶታል። እኔስ? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የዚህን ዘር ሱሪ ስጠግን ኖሬ... ከውሻው በታች።

ክብርት የፊቷ ግን ሦስት አላት። ተፋትታ፣ ሌላ ባል አግብታ፣ ሌላ ሰፈር ገብታ፣ አሁንም ሦስት።

ጎርፉ ግቢውን ሲሞላ፣
ወንዱ ጣሪያ ላይ ሲጣላ፣
በመስኮት ወጣች ያቺ ሴት፣ አማቷን በጀርባ አዝላ።

ይኸው፣ እዚህም ገባችልኝ። ምን ነክቶኝ ነው የጻፍኩት? በቃሌ መያዜስ? የጠሉት ነገር እንዲህ ከአእምሮ አልወጣ ይላል ማለት ነው...

ቅዳሜ፣ ጥር 10
አክስት ቤት ሄድኩ። ባዶ እጄን አይደለም፤ ቀሚስ ሰፍቼ።

"እማማ፣ ይቺን እንዲያው ለብርዱ ብዬ..."

"ምን ፈልገሽ ነው?" ቀሚሱን ገና ሳያዩት!

"ኧረ ምንም። ብቻ... የተፋታ ሰው ሙገሳው ውስጥ እስከ መቼ ነው የሚቆየው?"

ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁብኝ። "ከባሏ ተፋታች እንጂ ከሙገሳው መቼ ተፋታች?"

"እኔስ ታዲያ?"

"ስንኝ ልብስ መሰለሽ እንዴ፣ ተለክቶ የሚሰፋ? አንድ ነገር ስታደርጊ ሰው ካየሽ ይመጣል። ካልመጣም አልመጣም።"

ከዚያ ራሳቸው ሕጉን ነገሩኝ። ሠርግ ላይ የተዘለለ ስንኝ ተመልሶ አይገባም። ወጣ፣ ቀረ። "የአያቴ ሁለተኛ ልጅ እንደዚያ ነው የጠፋው" አሉ።

"ማን ነበር እሱ? ምን ሠርቶ ነበር?"

"እኔ ምኑን አውቃለሁ? ተዘለለ አልኩሽ እኮ!"

ደስ የሚል ሕግ ነው። በጣም ደስ የሚል። (ምንም አላሰብኩም።)

ልወጣ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። "እማማ፣ ወንዱ ጣሪያ ላይ በምንድን ነው የተጣላው?"

"ማን ቀድሞ ይውረድ በሚል ነዋ።"

"ባሌም?"

"እሱማ ጫፉ ላይ ነበር፣ ከሁሉም በላይ።"

ረቡዕ፣ ጥር 14
ባሌ ከተጋባን ጀምሮ እናቱን ከጎርፍ ያወጣው እሱ እንደሆነ ነው የሚነግረኝ። በእንባ ጭምር። ዛሬ አፋጠጥኩት።

"መስኮቱን የከፈትኩት እኮ እኔ ነኝ" አለ።

"ከጣሪያው ላይ ሆነህ?"

ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው።

ስንኙን መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ቁልጭ ብሎ ነው የተነገረው፣ ወንዱ ጣሪያ ላይ ነው። እኔ ግን የእሷን ጀርባ ብቻ እያየሁ ስቃጠል የሱን ጣሪያ ሳላየው ኖርኩ።

የባሰም አለ። አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ሱቁን ስከፍት የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ነበሩ። ከጎርፉ በኋላ ማለት ነው። "የተፋታ ልጅ አለኝ፣ ሱሪው ሁሌ ይረዝምበታል" ብለው እሱን ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። እንግዲህ ያን ቀን ባትወጣ... ባታዝል... ስለዚህ ባሌን ያገኘሁት በእሷ ጀርባ ተጭኖ መጥቶ ነው?

በእጄ የያዝኩትን የደንበኛ ሸሚዝ እጅጌ አዙሬ ሰፋሁት። ተርትሬ እንደገና።

ሰኞ፣ ጥር 19
ትናንት ሠርጉ ነበር። ዛሬ መርፌ ክር አልያዘልኝም።

ክብርት የፊቷ ሰማያዊ ለብሳ መጣች። ትከሻው ላይ አንዲት መጨማደድ የለችበትም። ማን እንደሰፋላት ባውቅ...

አክስት ማይክ ይዘው ያወርዱት ጀመር። ፈረስ ነጋዴው አለፈ። ውሻው አለፈ፣ ተጨበጨበለት። አማቴ አለፉ። ልክ የፊቷ ጋ ሲደርሱ ማይኩ ጮኸ፤ አዳራሹ ጆሮውን ያዘ። ዝም ሲል አክስትም ዝም አሉ።

"እ... እ..."

ጠፋባቸው። ዘወር ዘወር አሉ። ማን ይንገራቸው? ይህ ሁሉ ዘመድ የየራሱን ስንኝ ብቻ ነው የሚያውቀው! የፊቷ ታውቀዋለች፤ ግን የራስን ሙገሳ በራስ አፍ ማለት ነውር ነው። አፏ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ሙሽራዋ እናቷን ታያለች። አክስት ወደሚቀጥለው ሰው ሊያልፉ አየር ሳቡ።

እኔ ወንበሬ ላይ ነኝ። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። ዝም ብል ክብርት የፊቷ ከዚህ ዘር ተጠርጋ ወጣች። ጣቴን እንኳን ሳላነሳ!

ከዚያ አማቴ ታዩኝ። ስንኙ ከወጣ እሳቸውም በመስኮቱ አይወጡም እኮ። እዚያው ጎርፉ ውስጥ ሊቀሩ ነው...

"ጎርፉ ግቢውን ሲሞላ!"

ማን ነው የጮኸው ብዬ ዞር አልኩ። ለካ እኔው ነኝ። ቆሜያለሁ። ሦስቱንም ጨረስኩት፤ "አዝላ" የምትለዋን በደንብ ረግጬ። አክስት እጃቸውን አነሱልኝና ቀጠሉ።

የፊቷ አለቀሰች። ኩሏ ጉንጯ ላይ ወረደ። ትንሽ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ትንሽ ብቻ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 1
ሙሽሮቹ ሊጠይቁ አክስት ቤት መጡ፤ ሁላችንም ተሰበሰብን። አክስት ሙገሳውን ጀመሩ። የፊቷን ሦስት ጨርሰው፣ ወደ እኔ እያዩ ጨመሩበት፦

አዋቂው ሁሉ ሲረሳ፣
የፊተኛዋን አነሳች፣ የኋለኛዋ ጥርሷን ነክሳ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባሌ እንኳን! የጣሪያው ጀግና!

"እማማ፣ ኧረ እኔ ጥርሴን አልነከስኩም!"

"ልጄ፣ መጨረሻ ረድፍ ድረስ ተሰምቷል።"

እንግዲህ ሰባት ትውልድ ቢያልፍ የልጅ ልጆቻቸው እኔን የሚያውቁኝ እንዲህ ነው። የልብስ ስፌቴ የለም፣ ቁንጅናዬ የለም፣ ጥርሴ ብቻ። ለዚያውም ከእሷ ቀጥሎ፣ ተጣብቄ። ለዚያውም ሁለት። የእሷ ሦስት!

...ግን አለሁ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6
ሱቄ በር ላይ ማን ቢቆም ጥሩ ነው? ክብርት የፊቷ። በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። ላመሰግንሽ ነው የመጣሁት አለች። አመሰገነች። አልሄደችም። ቦርሳዋን ታሻሻለች።

"ምነው፣ ደህና አይደለሽም?"

"ምንም... ብቻ አየሽ፣ ባለፈው ልጄ ቤት ሙገሳው ሲወርድ፣ ዘመዶቹ የኔን እርስ በርስ እየተንሾካሾኩ ነው ያሳለፉት። ያንቺን ለመስማት! ልጆቹማ ገና የኔ ሲጀመር መሳቅ ይጀምራሉ። እኔ ሰው አዝዬ ወጥቼ! አንቺ እኮ ከወንበር ነው የተነሳሽው!"

"ሁለት እኮ ነው" አልኳት፣ በታላቅ ትሕትና። "ያንቺ ሦስት ነው።"

"ምን ያደርጋል ሦስቱ፣ የሚሰማው ከጠፋ?"

ፊቷን አየሁት። ጉንጯ ቀልቷል፣ ከንፈሯ ተጣብቋል። አውቀዋለሁ ይህን ፊት። የመለኪያ ክፍሌ መስታወት ውስጥ ስንት ዓመት አይቼዋለሁ።

አዘንኩላት መሰለኝ። ወንበር ሳብኩላት። ደህናውን አይደለም፤ የሚነቃነቀውን።