ገጣሚው ለምን በእግር ጣቱ ሄደ?

ለምወድሽ እህቴ ለቪብከ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ያ ክፉ ጉንፋን ለቀቀሽ ወይ? ባለቤትሽ ኤይናርስ ከባሕር ተመለሰ? ትንሿ ልጅሽ ሶልቬይ ጥርስ አበቀለች? አይስላንድ አሁን ቀኑ እንዴት አጥሮ ይሆን እያልኩ አስብሻለሁ። እኔና እማዬ በጤና አለን፤ ቤቱ ግን አባዬ ከሞተ ወዲህ ሰፍቶብናል።

ያረፉት የሚታሰቡበት የሙታን እሑድ ደርሷል። እንደ ልማዳችን የአባዬን መቃብር ለክረምቱ የጥድ ቅርንጫፍ ልናለብሰው ነው። በስልክ «ሁለተኛ ልቀብረው አልመጣም» ያልሽው እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። እኔም እንዳንቺው ነበር የማስበው። የሆነውን ልንገርሽ።

ባለፈው ሳምንት መምህራችን ወይዘሮ ሮሎፍ ስለ ወቅቶች መለዋወጥ የተጻፈ የድሮ ግጥም አነበቡልን። ነፋስ ቅጠሉን ያረግፋል፣ ቅጠሉ ጫካውን ይሸፍናል፣ በመጨረሻም ገጣሚው በእግር ጣቱ እየተራመደ ያልፋል። ትርጉሙን ሲጠይቁን ዮስት እጁን እንኳ ሳያወጣ «መኸር እርጅና፣ ቅጠል ከፈን፣ በረዶ መቃብር። ሁሌም ያው ነው፤ ይደወልልን!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ወዲያው እኔን ሲያዩ ሳቃቸውን ዋጡ። ወይዘሮ ሮሎፍ ቀስ ብለው «ሄኒንግ፣ አንተ ይህን የቤት ሥራ ባትሠራም ግድ የለም» አሉኝ። እሠራለሁ አልኩ፤ የምጽፈው ግን አልነበረኝም።

ቤት ስገባ እማዬ አጥሩ ሥር ተንበርክካ የአባዬን ጽጌረዳዎች በጥድ ቅርንጫፍ ትሸፍናለች። ተናድጄ «እነዚህንም ቀበርሻቸው?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች፤ ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ገና አሁን ማየቴ ነው። «አንተ ጅል፣ የሞተ ነገር ብርድ ይፈራል እንዴ? በል ያዝልኝ!»

ቅርንጫፉን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ቪብከ፣ ገጣሚው በእግር ጣቱ የሄደው ለዚህ ነው! የተኛ እንዳይነቃ እንጂ ለሞተማ ማን ኮቴውን ይቀንሳል? ወደ ጫካው ሮጥኩ። የረገፈውን ቅጠል ገለጥ ባደርገው አንዲት የባሉጥ ፍሬ ተሰንጥቃ ነጭ ሥሯን አፈር ውስጥ ሰዳለች፤ በዚህ ብርድ! ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ገጣሚ አጠገቤ ቆሞ «ዝም በል፣ ተመልከት» ያለኝ መሰለኝ። ቅጠሉን መልሼ አለበስኳት። ስመለስ እኔም በእግር ጣቴ ነበር የምራመደው።

በማግሥቱ ይህንኑ ጽፌ ክፍል ውስጥ አነበብኩት። ወይዘሮ ሮሎፍ መስኮት መስኮቱን አዩ። ዮስት ብቻ ጠጋ ብሎ «እኔ እኮ በእግር ጣቱ መሄዱን ልብም አላልኩት» አለኝ።

አባዬ በፀደይ እንደማይነሣ አውቃለሁ፤ ሕፃን አይደለሁም። ግን እማዬ መቃብሩ ላይ እሱ የሚወዳቸውን አበቦች ተክላለች። ብርድ የሚፈሩት እነሱ ናቸው። እኛም ነን። እባክሽ፣ ልትቀብሪው ሳይሆን ልታለብሺው ነይ። የአባዬን የአትክልት ጓንት ማንም እንዳይነካው ለአንቺ ደብቄዋለሁ።

ኤይናርን በርታ በይልኝ። የሶልቬይን ሁለቱንም ጉንጭ ሳሚልኝ። እማዬ ናፍቆቷ ከእኔ ይብሳል፤ በአፏ ግን አትልም።

ወንድምሽ ሄኒንግ
ጎስላር፣ ኖቬምበር 12