ውኃ ፈሳሽ መሆኑን ላስተማሩን ኃላፊ

ይድረስ ለተከበሩት የተሽከርካሪና የመንጃ ፈቃድ ጉዳይ ኃላፊ፤
ባሉበት፣ ማለትም ከቬንቲሌተሩ ፊት ለፊት።

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎ፣ ወንበርዎ፣ የወንበርዎም ጎማዎች ሁሉ ደህና ናቸው? ቬንቲሌተሩስ እንደ ወትሮው ወደ እርስዎ ብቻ ይነፍሳል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ዓይኔ ቢደክም አፌ አልደከመም፣ ይህንንም ጎረቤቶቼ ሳይጠየቁ ይመሰክራሉ። የእርስዎንም ሆነ የመሥሪያ ቤትዎን ስም በአደባባይ ያልጠራሁት ከአክብሮት የተነሣ ነው። ከጎብዬ እስከ ዋጃ ያለ ሰው ስለማን እንደምጽፍ ያለ ስም ያውቀዋል፤ ያላወቀም ካለ ዕድለኛ ነውና ዕድሉን አልነካበትም።

ጉዳዬ ሙሚና የተባለችው የልጄ ልጅ ከኤሌክትሪክ መኪናዋ ኋላ ስላስገጠመችው ጋንቾ፣ ጋንቾው ስለሚጎትተው ትንሽ ተሳቢ፣ ተሳቢው ላይ ስለነበሩት ሁለት በርሜሎች፣ በበርሜሎቹም ውስጥ ስለነበረው ውኃ ነው። ከእነዚህ ሁሉ መኪናዋንና ጋንቾውን ብቻ ትተውልናል። ጋንቾውንም የተዉልን በርኅራኄ ይመስለኝ ነበር፤ ኋላ ስሰማ ግን ሰዎችዎ መፍቻ ሳይዙ ስለወጡ ነው አሉ። የቀረው ንብረት በግቢዎ በእንግድነት ተቀምጧል፤ ስለ መስተንግዶው አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ከሥሩ ላስረዳ። ከሮቢት ቁልቁል ባለችው የትውልድ መንደሬ የጉድጓዱ ፓምፕ ተቃጠለ። መለዋወጫው እየመጣ ነው ከተባልን ሰንብተናል፤ በእግሩ እየመጣ መሆን አለበት። እስኪደርስ ድረስ የመንደሩ ሴቶች የጎሊናን ወንዝ አሸዋ እየጫሩ በጣሳ ይቀዳሉ። ታላቅ እህቴ ራቢዓ ግን ጉልበቷ ከድቷታልና ወደ አሸዋው መውረድ አትችልም። እኔ ዘንድ ቆቦ መጥታ እንድትቀመጥ ብለምናት «አንተ ልጅ፣ ዳልቻን ለማን ጥዬ?» አለችኝ። ልጁ እኔ ነኝ፣ ዳልቻ ደግሞ አሮጊቷ ላሟ ናት፤ ከሁለታችን ማንኛችን እንደምንበልጥባት ስለማውቅ ተመልሼ አልጠየቅኋትም።

ሙሚና በቆቦ ከተማ በትንሿ መኪናዋ ሰው እያመላለሰች ትተዳደራለች። የአያቷን እህት ነገር ስትሰማ ኪሮስ ዘንድ ሄዳ ተሳቢ አሠራች። ኪሮስ ብረት በያጅ ነው፤ ለእሱ በዚህ ዓለም ላይ በብየዳ የማይፈታ ችግር የለም። ጋንቾውንም ከመኪናው ወለል ሥር ሊበይደው ሲል ሙሚና ካርቶን አንጥፋ ከሥር ገባችና «ኪሮሴ፣ ባትሪው እዚህ ነው የተኛው፤ እሳት ካስነካኸው ቆቦ በሙሉ ነው የምትበራው» አለችው። እኔም ዳር ቁጭ ብዬ «ተዪው ይበይድ፣ ማታ ማታ መብራት እየጠፋብን ነው» ብል አንዳቸውም አልሳቁልኝም። ቀጥሎ ከፓራውርቱ፣ ከኋላ መከላከያው ማለት ነው፣ ጋር ልሰረው አለ፤ ፓራውርቱ ፕላስቲክ መሆኑን፣ የሚጎትት ነገር የሚታሰረው የመኪናው አጥንት የሆነው ሻንሲ ላይ መሆኑን አስረዳችው። እንደዚያ ሆኖ በቡሎን ታሰረ፣ የፍሬቻና የፍሬን መብራት ገመድም ተዘረጋለት። የመኪናው መመሪያ ከሚፈቅደው ክብደት በላይ አንዲት ጣሳ አይጨመርም ብላ ሙሚና ማለች። እኔ ራሴ ጋንቾው ላይ ቆሜ ፈትሼዋለሁ፤ ክብደቴ ከአንዲት ፍየል ስለማይበልጥ ግን ኪሮስ ፈተናውን አልቆጠረልኝም።

እንዲህ ሆኖ ውኃ መሄድ ጀመረ። ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ጭነት ሲጎተት ባትሪው ቶሎ ስለሚያልቅ ሙሚና በግመል እርምጃ ነው የምትነዳው። አንድ የአህያ ጋሪ ነጂ አልፎን ሲሄድ ዞር ብሎ «አያ ሙሀመድሰይድ፣ ልግፋችሁ ወይ?» ብሎኛል። ቁልቁለቱ ላይ ግን ይህ መኪና የበላውን ቻርጅ በጥቂቱ መልሶ ይሞላል። በዕድሜዬ የበላውን ሲመልስ ያየሁት የመጀመሪያው ፍጡር እሱ ነው፤ ይህን ስል መሥሪያ ቤቶችን ጨምሬ ነው።

ከዚያ እርስዎ ደረሱልን። ቅሬታ ማለት ነውር ስለሆነብኝ ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ኬላው ላይ ስላሰማሩልን ባለሙያ አመሰግናለሁ። ሰውየው ከመኪናዋ ኋላ በርከክ ብለው የጭስ ማውጫውን ሲፈልጉ ሙሚና ይህ መኪና ጭስ የለውም ብትላቸው ቀና ብለው አይተዋት «የሚበላ ሁሉ መውጫ አለው» አሉ፤ ተፈጥሮን ጠንቅቀው ማወቃቸውን ወድጄላቸዋለሁ። በመጨረሻም በወረቀታቸው ላይ «ጭስ ማውጫ፦ ጎድሏል» ብለው ጻፉ። ክቡር ሆይ፣ የጎደለን ብዙ ነገር እያለ በወረቀት የተመዘገበልን ጭስ ብቻ በመሆኑ ኮርተናል።

ሁለተኛ፣ ከአህያ ጋሪ የምታንሰውን ተሳቢያችንን ወደ ጅቡቲ ከሚመላለሱት ባለ ተሳቢ ከባድ መኪኖች እኩል ስላስቀመጡልን አመሰግናለሁ። ለሙሚና መኪና የተሰጠው እንዲህ ያለ ማዕረግ ለእኔም ቢደርሰኝ ኖሮ ዛሬ ቢያንስ የከንቲባ አማካሪ እሆን ነበር። ተሳቢ የሚለውን ቃል እኔ የማውቀው በልጅነቴ ከተማርኩት ሰዋስው ነው። «ሙሚና ውኃውን አመጣች» ሲባል ሙሚና ባለቤት፣ ውኃው ተሳቢ፣ አመጣች ደግሞ ማሰሪያ ነው ይሉን ነበር። እርስዎ በአንድ ከሰዓት በኋላ ዓረፍተ ነገሩን «ኃላፊው ውኃውን ወሰዱት» ብለው አረሙት። ሰዋስዉ ትክክል ነው፤ ባለቤቱ ብቻ ነው የተቀየረው።

ሦስተኛውና ዋናው የውኃው ነገር ነው። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ፣ ወረፋ ይዤ፣ ወረፋዬን ለነፍሰ ጡር ሰጥቼ፣ እንደገና ይዤ ስገባ የሙሚና መንጃ ፈቃድ የአውቶሞቢል መሆኑን፣ የጫነችው ግን ፈሳሽ መሆኑን፣ ፈሳሽ የሚጭን ሰው ደግሞ ነዳጅ ቦቴ እንደሚነዱት ሾፌሮች የፈሳሽ መንጃ ፈቃድ ሊኖረው እንደሚገባ በትዕግሥት አስረዱኝ። ልጂቱ ቦቴ አልነዳችም፣ ውኃ ነው የወሰደችው ብል ከመነጽርዎ በላይ አዩኝና «አባቴ፣ ውኃ ፈሳሽ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ እጠረጥር ነበር፤ በመንግሥት ደረጃ ሲረጋገጥ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ይህን ዕውቀት ካገኘሁ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁና እባክዎ የሚከተለውን ይወስኑልን። ወተት ፈሳሽ መሆኑን ያለ ክርክር ተቀብያለሁ፤ እርጎስ ከየትኛው ወገን ነው? ከጎብዬ በጠዋት በቅል የተጫነ ቅቤ ሲነሣ ደረቅ ነው፤ ቆቦ ሲደርስ በእኛ ፀሐይ ቀልጦ ፈሳሽ ሆኗል። ሾፌሩ መንገድ ላይ የት ጋ ነው መንጃ ፈቃድ የሚቀይረው? ሐብሐብስ? ከላይ ደረቅ፣ ከውስጥ ውኃ ነው፤ እንደ አንዳንድ ሰው በተቃራኒው አይደለም። በአህያ ጀሪካን የጫነችውን ጎረቤታችንን ልተዋት ወይስ አህያዋን መንጃ ፈቃድ ልጠይቅ? ለዚህ ሁሉ መልስ እስኪመጣ ድረስ የሰፈሩ ሰው ሾርባ ይዞ መንገድ መሻገር ፈርቷል።

ክቡር ሆይ፣ አያትነት ሆኖብኝ እቀልዳለሁ፤ አሁን ግን ትንሽ ልስከን። ተሳቢው ከተያዘ ወዲህ ሙሚና በመኪናዋ ወንበር ላይ ጀሪካን እየደረደረች ትወስዳለች፤ ያ ለሰው አፍ እንጂ ለከብት አልበቃም። ባለፈው ጁምዓ አብሬያት ሄጄ ነበር። ራቢዓ ከደጃፏ ተቀምጣ መዳፏን ከመሬቱ አሳርፋ ፊቷን፣ እጇን በአፈር ስታብስ አገኘኋት። ተየሙም ነው፤ ውኃ ያጣ ሰው በአፈር ጠህራውን፣ ማለትም የሶላት ትጥበቱን፣ አድርጎ እንዲሰግድ በሃይማኖታችን ተፈቅዷል። ጀሪካኑ ግን አጠገቧ ነበር፤ ባዶ ነው። የሷን ድርሻ ዳልቻ ጠጥታዋለች። እንዴት እንዲህ ታደርጊያለሽ ብዬ ብቆጣ «እኔ አፈር ይበቃኛል፤ እሷን ምን ብዬ በአፈር ላታልላት?» አለችኝ። ያን ጊዜ አፌ፣ ያ የማይደክመው፣ ደከመ።

ያስቡት እንግዲህ። የሰማዩ ጌታ ከአሮጊት ራቢዓ በፈሳሽ ምትክ ደረቁን ተቀብሏታል፤ ማኅተም አልጠየቃትም፣ ነገ ተመለሺ አላላትም። እርስዎ ጋ ሲደርስ ነው ደረቅና ፈሳሽ አንድ ወረቀት ላይ አልዋል ያለው። አባቶች በደረቁ አበሳ እርጥቡ ይቃጠላል ይሉ ነበር፤ በእኛ አገር ደግሞ በእርጥቡ አበሳ ደረቆቹ እየተቃጠልን ነው። እርስዎም አዋቂ ነዎትና በደረቁ እየላጩን መሆኑን ሳልነግርዎ ይገባዎታል። ለመላጨትም ቢሆን እኮ፣ ክቡር ሆይ፣ ጥቂት ውኃ ያስፈልግ ነበር።

ስለዚህ ከመንደሬ ሰዎች ጋር ተመካክረን ሕግዎን በሙሉ ልብ ለማክበር ወስነናል። ውኃው ወደ ሰው እንዳይሄድ ከተከለከለ ሰው ወደ ውኃው እንዳይመጣ የሚከለክል አንቀጽ እስካሁን አልሰማንም። በመጪው የገበያ ቀን ማልደን፣ ሴቶቹ ጣሳቸውን፣ እረኞቹ ከብቶቻቸውን ይዘው፣ በርሜሎቻችን ወደሚገኙበት ግቢዎ እንመጣለን። ማንንም አንገፋም፣ ድንጋይ አናነሣም፤ ጠጥተን፣ አመስግነን እንሄዳለን። ከብቶቹ ግቢዎን ቢያበላሹም ያው ደረቁ ደረቅ፣ ፈሳሹ ፈሳሽ ነውና ለመለየት አይቸገሩም።

እህቴ ራቢዓ በእግሯ ስለማትችል ሙሚና በመኪናዋ ታመጣታለች። ይህን ስንመክር አንድ ሥጋት ገብቶኝ ነበር። ሙሚና እንደነገረችኝ የሰው ገላ አብዛኛው ውኃ ነው፤ እንግዲያው ሰው መጫንም ፈሳሽ መጫን ሊሆን ነው። ኋላ ግን እህቴን ደህና አድርጌ አየኋትና ሥጋቴ ለቀቀኝ። እርስዎም አይጨነቁ። በውሳኔዎ ምክንያት ራቢዓ ሙሉ በሙሉ ደረቅ ጭነት ሆናለች።

ቬንቲሌተርዎ አይቁም፣ ብዕርዎ አይንጠፍ፣ ጉሮሮዎም እንደ ሕግዎ አይድረቅ እያልኩ፣ ከአክብሮት ብዛት ወገቡ የጎበጠው፣ ሌላ ምክንያት ቢኖረውም ለእርስዎ ሲል ያልጠቀሰው፣

ሙሀመድሰይድ አራጌ
የሙሚና አያት፣ የራቢዓ ታናሽ ወንድም፤
ከቆቦ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት በግቢዎ አጥር በኩል ሳልፍ በዚህ ሁሉ አቧራ መካከል ነጭ መኪናዎ እንደ ሙሽራ ታጥቦ አየሁት፤ ማሻአላህ ብያለሁ። ጥበቃው ከበርሜላችን በጆግ እየቀዳ ጎማውን ያጥብ ነበር። የፈሳሽ መንጃ ፈቃድ እንዳለው ሳላጣራ ማለፌ የእኔ ጥፋት ነው። በገበያው ቀን ግን ዳልቻ መጥታ መኪናዎን መላስ ብትጀምር እንዳይቆጧት አደራ፤ ምላሷ ሻካራ ስለሆነ ቀለሙን ትልጠው ይሆናል እንጂ እሷ ነገር አታውቅም፣ የራሷን ውኃ ነው የምትፈልገው።