ለሦስት ሚስቶቼ አንድ ፓስፖርት

ጥር 13 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለካህናት፣ ለባላባቶች፣ ለሽማግሌዎችና በግቢያችን ለሚገኙ ዶሮዎች ሁሉ ይድረስ። የአቶ ላቀው የመጨረሻው የላይ መንጋጋ ጥርስ፣ ስልሳ ዓመት ያለ ዕረፍት ካገለገለ በኋላ፣ ዛሬ ጧት ከገብስ ቆሎ ጋር ሲታገል በክብር ወደቀ። ሐዘኑ ለሦስት ቀን ይሁን። ሽሮ ብቻ ይበላ።

አዋጁን ካነበብኩ በኋላ ጥርሱን ጣራ ላይ ወረወርኩት። ሚስቴ ሐረግ ቆማ ታየኛለች።

«እንደ ሕፃን ሌላ ሊያበቅሉ ነው?»

«አንቺ አጠገቤ እያለሽ ምን ያቅተኛል» አልኳት።

አልሳቀችም። ሌላ ነገር እያሰበች ነው... ምን ይሆን?

ጥር 15

ደረስኩበት። ታስብ የነበረው ይህንን ነው።

ልጃችን የሺ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ ላከች። ነጋዴ አመጣው። «ያንብቡልኝ» አለች ሐረግ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። አነበብኩ። የኢየሩሳሌም ተሳላሚዎች በሚያዝያ መጀመሪያ ይነሳሉ። ትንሣኤን እዚያው ሊውሉ። የሺ እናቷን አስመዝግባለች። የቀረው ፓስፖርት ብቻ ነው። የሚያስፈልገውንም ዘርዝራለች፦ ከወረዳው ግዛት ስሟንና ዕድሜዋን የሚያስረዳ ደብዳቤ፣ የሚያውቋት ሦስት ምስክሮች፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የባል ፈቃድ በጽሑፍ። ይህ ሁሉ የካቲት ሳያልቅ የሺ እጅ ካልገባ ለከርሞ ነው።

«የባል ፈቃድ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። ጮክ ብዬ። አፌ ውስጥ ጣፈጠኝ።

ስለቷ የቆየ ነው። የሺ ሕፃን ሆና ፈንጣጣ ይዟት ሞተች ሞተች ስትባል፣ ጎልጎታን እሳለማለሁ ብላ ተሳለች። የሺ ዳነች፣ አደገች፣ ወለደች። ስለቱ እንዳለ ቁጭ ብሏል። አንድ ዓመት መኸሩ አልገባም አልኩ። አንድ ዓመት በሬው ታመመ አልኩ። አንድ ዓመት ደግሞ... ምን ነበር ያልኩት? ረስቼዋለሁ። እሷን ብጠይቅ ትነግረኛለች፤ ስለዚህ አልጠይቅም።

«ዘንድሮ ባይሳካ ከርሞ አለ» አልኳት።

«ከርሞን ማን አሳየዎት?»

ወደ ጓዳ ገባች።

ጥር 20

በበቅሎ መካነ ኢየሱስ ወረድኩ። ግማሽ ቀን መንገድ። በወረዳው ግዛት ጽሕፈት ቤት ተሻገር የሚባል ወጣት ጸሐፊ አለ፤ ሥርዓት ያለው፣ ጣቱ ላይ እንኳ ቀለም የሌለበት ልጅ። ፓስፖርት የሚሰጠው አዲስ አበባ መሆኑን፣ እሱ የሚጽፈው የምስክር ደብዳቤውን ብቻ መሆኑን አስረዳኝ።

«በደንብ የሚያውቋትን ሦስት ሰዎች ይዘው ይምጡ፣ አባባ።»

«ልጄ፣ እኔ ራሴ ሐምሳ ዓመት አጥንቻት ገና አላወቅኋትም።»

ሳቀ። ግን ሦስቱን አልቀነሰልኝም።

ማንን ልጥራ? የነፍስ አባቷን ቄስ መልአኩን። ጎረቤታችንን አጥቢያ ዳኛ ወርቁን። ከሰማዳ ደግሞ፣ ከወገዳ፣ ታላቅ ወንድሟን ፈንታውን። መልእክት ላክሁ።

ለሴቶቻችን ስም አንነፍጋቸውም። ሐረግ በወገዳ ስትወለድ አባቷ ደምሌ ያወጣላት ስም ሌላ ነው። ክርስትና ስትነሳ የወጣላት ሌላ ነው። ሙሽራ ሆና ቤታችን ስትገባ ደግሞ፣ አማት ለምራቷ ስም ታወጣ የለ፣ እናቴ «ሐረገ ወይን» አለቻት። ከዚያ ቀን ወዲህ በድሮው ስሟ የሚጠራት የለም። እኔም ጠርቻት አላውቅም።

ሦስቱ ምስክሮች ምን ብለው እንደሚጠሯት አስቤበት ነው የመረጥኳቸው? ይህንን ጥያቄ ዛሬ አልመልስም።

ጥር 27

እንደዛሬ ስቄ አላውቅም። ተራ በተራ ልጻፈው።

ቆምን ከጸሐፊው ፊት። መጀመሪያ ቄስ መልአኩ።

«ይህቺን ሴት በምን ስም ያውቋታል፣ አባ?»

«ወለተ ሚካኤል ትባላለች። ንስሐ የምሰጣትም፣ በጸሎት የማነሳትም በዚሁ ነው።»

ጸሐፊው ጻፈ። ዳኛ ወርቁ አላስጨረሱትም።

«ኧረ የምን ወለተ ሚካኤል! ሐረገ ወይን ናት። አጥር ለአጥር አይደለን እንዴ!»

ጸሐፊው ሰረዘ። ሁለት ቀን የተጓዘው ፈንታው በትሩን መሬት ላይ መታ።

«እኔ ሐረገ ወይን የምትባል ሴት አላውቅም። ወለተ ሚካኤልንም አላውቅም። እኅቴ ካሣነሽ ናት። ካሣነሽ ደምሌ! የተወለደች ጊዜ በዚህ ክንዴ አቅፌያታለሁ!»

ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«አቶ ላቀው... ስንት ሚስት ነው ያለዎት?»

አንድ ናት፣ ስሟ ነው የበዛው ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። ምላሴ ግን መቼ እኔን ጠይቆ ያውቃል?

«ሦስት ናቸው ጌታው። አንዷ ትጸልይልኛለች፣ አንዷ ታበስልልኛለች፣ አንዷ ትቆጣኛለች። አንድ ቤት ነው የምናድረው። ተጣልተው አያውቁም።»

«ላቀው! እግዜርን ፍራ!» ቄስ መልአኩ አማተቡ። ፈንታው ደግሞ ነገሩ የገባው በግማሽ ነው። በትሩን አነሳ።

«እኅቴ ላይ ሁለት ደርበህ ነው? ሐምሳ ዓመት ሙሉ!»

ዳኛ ወርቁ ወገቡን ባይዙት ሌላ ጥርስ እናውጅ ነበር... የቀሩኝም ጥቂት ናቸው።

በኋላ ሁሉንም አስረዳሁ። ጸሐፊው ግን ሥርዓት የሚያውቅ ልጅ ነው አላልኩም?

«እርስዎ አንዴ ሦስት ናቸው አሉኝ፣ አንዴ አንድ ናት አሉኝ። የቱን ልጻፍ? ባለጉዳይዋ ራሳቸው ይምጡና በአፋቸው ይናገሩ። እስከዚያ ይቆይ።»

ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተና ቆለፈው።

በመንገድ ላይ በሳቅ ሁለት ጊዜ ከበቅሎ ልወድቅ ነበር።

ጥር 28

ነገርኳት። የፈንታውን በትር ሳይቀር እያስመሰልኩ። ምስር ትለቅማለች። ሲያልቅ ሳቋን ጠበቅሁ።

«ወረቀቱ የት ነው?»

«መሳቢያ ውስጥ።»

«የካቲት ሊያልቅ ስንት ቀን ቀረው?»

ነገርኳት። ምስሯን ለቀመች።

ጥር 29

ዝም።

ጥር 30

ዝም። ወጡ ግን ጨው በዝቶበታል። መልስ ይሆን?

የካቲት 2

ዛሬም አልተናገረችኝም። «ራት ቀርቧል» አለች፤ ያውም ለግድግዳው።

እርሻ ዳር ተቀምጬ አሰብኩ። ያን ቀን መንገድ ላይ እንደዚያ ያሳቀኝ ምንድን ነው? ቀልዱ ነው ወይስ መሳቢያው? ቁልፉ ቀጭ ሲል ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ቀለል አላለኝም? አለኝ። ምስክሮቹንስ አውቄ ነው የመረጥኳቸው? አውቄ ነው። ይኸው ጻፍኩት።

በአየር ትሄዳለች ይሉኛል። ባሕር ታያለች። እኔ ያላየሁትን ሁሉ ታያለች። እዚያ ሞቶ የተቀበረ ታደለ ይባላል። እኔ ግን እዚያ እንድትታደልብኝ አልፈልግም... ሰባ ዓመት የሞላው ሰው እንዲህ ይፈራል? ይፈራል ለካ።

የካቲት 4

ጎህ ሲቀድ «በቅሎዋን ልጫን?» አልኳት። ለብሳ ጨርሳ ደጅ ተቀምጣለች። ባልጫንም በእግሯ ልትሄድ ነበር።

ጸሐፊው ተነስቶ ወንበር ሰጣት። ለእኔ አልሰጠኝም።

«ስምዎን በአፍዎ ይንገሩኝ፣ እማማ። ደብዳቤውም ፓስፖርቱም በሚነግሩኝ ስም ነው የሚሆን።»

ሐረገ ወይን ትላለች ብዬ ጉሮሮዬን ጠርጌ ተዘጋጀሁ። ቢበዛ ወለተ ሚካኤል።

«ካሣነሽ» አለች።

ደነገጥኩ። «ምነው ሐረግ? አገር የሚያውቅሽ በ...»

«ሐረገ ወይን የእናትዎ ምራት ናት» አለችኝ። ከአምስት ቀን ዝምታ በኋላ የተናገረችኝ ይህንን ነው። «የተሰጣትን ቤት ይዛ ኖራለች፣ አልከፋትም። ወለተ ሚካኤልን እግዜር ያውቃታል፤ ለእሱ ወረቀት አያሻውም። ካሣነሽ ግን ከወገዳ አምጥታችሁ እዚህ ካስገባችኋት ወዲህ የትም ሄዳ አታውቅም። እስቲ እሷ ትሂድ።»

እኔ ምላሴን ፈለግሁ፣ አጣሁት። ሐምሳ ዓመት አብሬ ስኖር አንዲት ሴት ቤቴ ውስጥ ቁጭ ብላ መንገድ ስትጠብቅ አላየኋትም ማለት ነው?

«ዕድሜስ?» አለ ጸሐፊው። «ወንድምዎ ቀዩ በሬያችን ገደል በገባ ዓመት ነው የተወለደች ብለዋል። ይህንን በቁጥር...»

«ስልሳ አራት ይበሉ።»

«ስልሳ ብትይ ምናለ?» አልኳት፤ ምላሴ ተመለሰችልኝ።

«በሬው ይታዘበናል።»

መጀመሪያ የሳቀው ጸሐፊው ነው። ከዚያ እሷ። በአፍንጫዋ ብቻ። ያም ቢሆን ሳቅ ነው።

የባል ፈቃድ ቀረ። ወረቀቱን ሰጠኝ። ያን ቀን አፌ ውስጥ የጣፈጠኝ ነገር ዛሬ እጄ ላይ ከበደኝ። ታየኛለች ብዬ ነበር፤ በመስኮት በቅሎዋን ታያለች። ጻፍኩ፦ «እኔ ላቀው፣ ሚስቴ ካሣነሽ ደምሌ ኢየሩሳሌም ተሳልማ እስክትመለስ ድረስ እንድትሄድ ፈቅጃለሁ።»

«‹እስክትመለስ ድረስ› የሚለው እንኳ አያስፈልግም ነበር» አለ ጸሐፊው።

«ለአንተ ነው የማያስፈልግህ።»

ተወልኝ።

የካቲት 5

መካነ ኢየሱስ አድረን ገበያው ዳር ፎቶግራፍ አንሺው ዘንድ ሄድን። ሳጥኑን በሦስት እግር አቁሞ ጥቁር ጨርቅ ይከናነባል። «ሻሹን ከጆሮዎ ከፍ ያድርጉት፣ እናቴ። እንዳይስቁ። እንዳይነቃነቁ።»

እኔ ከኋላው ቆሜ ባዶ ድዴን አሳየኋት። ከንፈሯን ነከሰች። ዓይኔን አንሸዋርሬ ጨመርኩላት። አላስቻላትም፤ ፈነዳች።

«አበላሹት! ማነው?» ፎቶ አንሺው ከጨርቁ ወጣና አባረረኝ። እህል ተራ ድረስ።

በሁለተኛው እንደ ዳኛ ኮስተር ብላለች። እሱ ለፓስፖርቱ ሆነ። የተበላሸውን ለምኜ እኔ ወሰድኩት።

የካቲት 7

ደብዳቤውን፣ ፈቃዱን፣ ፎቶውን በጨርቅ ጠቅልዬ ደብረ ታቦር ለሚሄደው ነጋዴ በእጄ ሰጠሁ። በፖስታ ለየሺ ይልካል። ነጋዴው ዳገቱን እስኪያልፍ ቆሜ አየሁት። ሮጬ ልቀማው አላልኩም... ትንሽ ብቻ።

የካቲት 22

ዐቢይ ጾም ገባ። ከየሺ ወሬ የለም።

«ሐረግ!» ብዬ ስጠራት «ማንን ነው?» ትለኛለች። ተንኮሉን የተማረችው ከእኔ ነው፤ ግን መምህሯን በልጣለች። ሌላውን ስም ለመጥራት ደግሞ አፈርኩ። ማሳ ውስጥ ለብቻዬ ሞከርኩት። «ካሣነሽ።» በሬዎቹ ቀና ብለው አዩኝ። እነሱም አያውቋትም።

መጋቢት 9

ፓስፖርቱ ወጣ!

ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። ስሟ በአማርኛም በፈረንጅ ፊደልም ተጽፏል ትላለች የሺ። «እናቴ በቶሎ ትምጣ» ትላለች።

«የስሙን ቦታ ብቻ እንደገና» አለችኝ።

«ካሣነሽ ደምሌ» አልኳት። ከወረቀት ላይ ሲሆን አያሳፍርም።

መጋቢት 18

ዛሬ ካሣነሽ ሄደች።

መካነ ኢየሱስ ድረስ ሸኘኋት። ስንቋን፣ የቄስ መልአኩን የአደራ ጧፍ፣ የፈንታውን የአደራ መቁጠሪያ ይዛለች። ከእኔ አደራ አልተቀበለችም።

«ጎልጎታ ስትደርሺ ለእኔ ምን ትለምኚልኛለሽ?»

«ልቦና።»

«ብዙ አይደለም?»

«ለእሱ የሚሳነው የለም» አለችና አውቶቡሱ ላይ ወጣች። ዳኛ ወርቁም ሊሸኟት መጥተው አጠገቤ ቆመዋል፤ ስለዚህ ቀልድ መቀለድ ነበረብኝ፤ አልመጣልኝም።

አውቶቡሱ ተነሳ። ያን ጊዜ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ከደረቴ ወጣ። «ካሣነሽ!» አልኩ፤ ሰው ሁሉ እስኪሰማ። ከኋላ ወንበር አንዲት ወፍራም ሴትዮ፣ ዶሮ ታቅፋ፣ አንገቷን በመስኮት አወጣችና «አቤት! ማነው የጠራኝ?» አለችኝ። ዶሮዋም ጮኸች። ገበያተኛው በሳቅ ሞተ። የእኔዋ አልሰማችም፤ ከፊት ሆና ስለ ወንበር ትከራከራለች። አፍሬ በቅሎዬን ፈትቼ ተመለስኩ።

ደብተሩን ዘግቼ እንደገና ከፈትኩት። ይህንን ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም። ታዲያ ማንን ነው የማስቀው?

ወፍራሟ ሴትዮ የፈጠራ ናት። ዶሮዋም። አውቶቡሱ ላይ ካሣነሽ የምትባል አንዲት ብቻ ነበረች። ስጠራት አንገቷን በመስኮት አውጥታ፣ እንደ ልጅ፣ «አቤት» ያለችኝ እሷው ናት።