ቤዝመንት የቀረው ፊትሽ

የኔ ፅጌ፣

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ በረዶው ሁለተኛ ጊዜ ወረደብን። እንዴት ነሽ ብልሽ መልስ እንደማላገኝ አውቃለሁ፤ ግን ሳልጠይቅሽ ወደ ጉዳዬ መግባት አልሆነልኝም።

ሬክስዴል ሰፈር ያለው ቤታችን ያው እንደተውሽው ነው። ጎረቤታችን ዛሬም በረዶውን ወደ እኛ በር ይገፋል፤ እኔም ዛሬም በሆዴ እረግመዋለሁ። ሳሎኑን ቀለም ቀብቼዋለሁ፤ ብታዪው አትወጂውም። የተለወጠው ታች ነው። ልጃችን መክሊት ኮሌጁን አቋርጣ ቤዝመንት ወርዳ የአሻንጉሊት ሥራሽን ይዛዋለች።

መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽሽም። ፈሳሹን ሸክላ በወንፊት አጥልላ ቅርጽ ማውጫው የጀሶ ሞልድ ውስጥ ቀስ አድርጋ ስታፈስ፣ ዳር ዳሩ እስኪጠጥር ጠብቃ የተረፈውን ስትገለብጥ፣ እጇ ቁርጥ ያንቺን ነው። ትንሽ ልጅ ሆና የመጀመሪያ አሻንጉሊቷን ሳይጠና ከሞልዱ አውጥታ አንገቱ የተጣመመባት ትዝ ይልሻል? አልቅሳ ስታስቸግረን አንገቱን አሞት ነው ብለሽ መሐረብ ጠመጠምሽለት። እስከ ማታ ስንስቅ ዋልን።

አሁን የምታወጣው አንድ ፊት ብቻ ነው። ታመሽ ሳለሽ፣ እንዳትረሳሽ ብለሽ፣ መስታወት እያየሽ ቀርጸሽ ሞልድ የሠራሽለትን የራስሽን ፊት። የጀሶ ሞልድ ሸክላ ብዙ ሲፈስበት ተበልቶ መልኩ እንደሚጠፋ ያስተማርሽን አንቺ ነሽ። አፍንጫሽ ጠፍጠፍ ብሏል፣ ከንፈርሽ እየጠፋ ነው። ፊቶቹ መደርደሪያው ላይ ዓይን ሳይሳልላቸው ወደ በሩ ዞረው ተደርድረዋል። ቀድመው የወጡት፣ ዳር ያሉት፣ አንቺን ይመስላሉ፤ ወዲህ ያሉትን ግን አላውቃቸውም። መብራት ላጠፋ ስወርድ እፈራቸዋለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ ያሳፍራል እንጂ።

እሷ ደግሞ የጠፋውን መልክ ልትመልስ በብርጭቆ ወረቀት ስትፈገፍግ ትውላለች። በደረቁ፣ ፅጌ። በእርጥብ ስፖንጅ አድርጊው ስላት መልክሽን ያበላሸዋል ትላለች። ማስክ አድርጊ ስላት መነጽሬን ያደበዝዘዋል ትለኛለች፤ ያንቺው ቃል፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ። ሳንባሽን የጨረሰው ያ ነጭ አቧራ እንደሆነ ሐኪሙ ሲነግረን እኮ አብራን ተቀምጣ ነበር። ይህን ሳነሳባት በእንግሊዝኛ «አውቃለሁ» ብላ በሩን ትዘጋብኛለች።

ባለፈው ሳምንት ሻይ እየጠጣሁ ከታች ሳል ሰማሁ። ያንን ደረቁን፣ መሀል ላይ ተቆርጦ እንደገና የሚነሳውን። ጉዴን ልንገርሽ፤ አንቺ መስለሽኝ ደስ አለኝ። ተነስቼ ውሃ እስክቀዳልሽ ድረስ ደስ አለኝ። ማንን እንዳሳላት የገባኝ ብርጭቆውን ይዤ ደረጃው ላይ ስደርስ ነው።

አለርጂ ነው ትላለች። አንቺም መጀመሪያ አለርጂ ነው ብለሽኝ ነበር። ሐኪም ጋ ቀጠሮ ያዝኩላት፤ ካንስል አደረገችው። ያ ሞልድ ካለ ከዚያ ቤዝመንት አትወጣም።

ሌላ መላ አጣሁ። ፊትሽን እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ። ስትስቂ ግራ ጉንጭሽ እንደሚሰረጉድ ሞልዱ እንኳ አያውቅም፤ እኔ ግን አውቃለሁ። እስከምሞት አልረሳውም፤ ለእሷም ሳልሰለች እነግራታለሁ። ትጠላኝ ይሆናል። ትጥላኝ፤ ብቻ በሕይወት ሆና ትጥላኝ።

አሁንም እያሳላት ነው። መዶሻውን ይዤ ልወርድ ነው።

ያንቺው ተፈራ