የእታለም አራት ክር

ሰኞ፣ ኅዳር 3

አይደለም። ትምህርት ያቆምኩት ሰንፌ አይደለም። የሒሳብ መምህሩን "ለመሆኑ ለራስህ ገብቶሃል?" ብዬው ነው። ይቅርታ ጠይቂ ሲሉኝ ደግሞ... እሺ፣ እሱ ይቅር። አጎቴ ግን ምሳ በበላን ቁጥር ያነሳዋል።

አሁን እሱ ጋ ነኝ። የልብስ ስፌት መኪና ይጠግናል። እኔ ስልኩን ይዤ ለደንበኞች መልእክት እመልሳለሁ። ሥራ ሲጠፋ ብሎግ እጽፋለሁ። የዛሬው ርዕስ "የሕይወት ትርጉም"። በአሥራ ሰባት ዓመቴ። አራት ሰው አንብቦታል። ሦስቱ እኔ ነኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ርዕስ የለም። ጭንቅላቴ ባዶ ጣሳ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

አንዷ "መርፌው ይሰበርብኛል" ብላ ጻፈች። በዚህ ሳምንት ስድስተኛዋ ናት። ደሜ ፈላ። "መርፌው አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው። ጠፍጣፋውን ወደ ኋላ አድርገው ያስገቡት። መኪናው ጤነኛ ነው፣ ችግሩ እርስዎ ነዎት" ብዬ ላኩላት።

አጎቴ በትከሻዬ በኩል አነበበው።

"ለደንበኛ እንዲህ ተብሎ ይጻፋል?"

"ውሸት አለበት?"

"ውሸትስ የለበትም። የመጨረሻዋን አጥፊና ለሁሉም ላኪ።"

ለሁሉም... ቆይ። ስድስት ሰው ከጠየቀ፣ ያልጠየቀው ስንት ነው? ብሎጌ ላይ ለጠፍኩት። የመጨረሻዋን አላጠፋሁም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ሦስት መቶ አሥራ ሁለት አንባቢ። ለካ ሕዝቡ ሲጠብቅ የነበረው መርፌ ነው። ደራሲ ሆኛለሁ። አጎቴ "ደራሲዋ፣ ወለሉን ጥረጊ" አለኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ለብሎጌ የሚሆን የደንበኛ መልእክት አለቀብኝ። የራሴን ስልክ ስበረብር የእታለምን አገኘሁ። ታላቅ እህቴ ናት። አንዲት ሴትዮ ስፌት ቤት ተቀጥራለች። ባለአራት ክሩን የጠርዝ መኪና እችላለሁ ብላ። አትችልም። በየቀኑ ሽንት ቤት ገብታ ትጽፍልኛለች። "ክብሪት፣ ሁለተኛው ክር በየት ነው የሚያልፈው? ቶሎ በይ፣ በሩ አይዘጋም፣ በእግሬ ገፍቼ ይዤው ነው።" ክብሪት እኔ ነኝ። ቶሎ ስለምቀጣጠል።

ይሄማ ወርቅ ነው። "ከሽንት ቤት የተላኩ ጥያቄዎች" ብዬ ለጠፍኩት። ስም አልጠራሁም። ማን ያውቃታል?

ዓርብ፣ ኅዳር 14

ሴትዮዋ አወቀቻት። ለካ የመርፌውን ጽሑፍ አሳትማ ግድግዳዋ ላይ ለጥፋዋለች። አንባቢዬ ናት።

እታለም ደወለች። "የገዛ ሽንት ቤቷን በር የማታውቀው መሰለሽ?"

"ስም እኮ አልጠራሁም..."

"ሁለተኛ እንዳትመጪ ብላኛለች። አንቺ ግን ተነበብሽ አይደል? እንኳን ደስ አለሽ።"

ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ ቁጥሬንም ዘጋችው። ጽሑፉን አጠፋሁት። አራት መቶ ሰው ካነበበው በኋላ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ውሻዋ እኔ።

እሁድ፣ ኅዳር 16

እታለም፣ ይሄን ደብተር ለራሴ ነበር የምጽፈው። ዛሬ በበርሽ ስር ላስገባው ነው፣ በሩን አልከፍት ስላልሽ።

ትናንት ሴትዮዋ ጋ ሄጄ ነበር። ልለምናት። ታውቂኝ የለ? ከአፌ የወጣው ግን "በሩን ቢያሠሩት ኖሮ አይለዩትም ነበር" የሚል ሆነ። ግድግዳዋ ላይ ወደ ለጠፈችው ወረቀት ዞረች።

"መርፌውን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?"

"ነኝ።"

"የእህትሽ ስፌት ንጹሕ ነው። ያናደደኝ መዋሸቷ ነው። ሰኞ ጠዋት ትምጣና አራቱንም ክር እፊቴ ታስገባ። ስልኳን እኔ ነኝ የምይዘው። ካስገባች ትቀጥላለች።"

ሰኞ ነገ ነው። በጽሑፍ ላስረዳሽ አልችልም፣ ጽሑፌ ያመጣብሽን አይተሻል። አጎቴ የሱቁን ቁልፍ ሰጥቶኛል። ባለአራት ክሩ መኪና ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ክሩን በሙሉ አውጥቼዋለሁ። ሃያ ጊዜ ታስገቢዋለሽ፣ እኔ አፌን ይዤ እቆማለሁ። ከእንግዲህ ያንቺን ቃል ሳልጠይቅሽ የትም አልለጥፍም። ስድቡን አጠራቅመሽ ነይ፣ ይገባኛል። ብቻ ቁጥሬን ክፈቺና ሳይመሽ ደውዪልኝ።