የጆሮ መሸፈኛው ክረምት

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3

ዝናብ። በትከሻ የሚንጠለጠለው የሣር ማጨጃ ማሽኔ አልነሳም አለ። ካንዴላውን ፈታሁ፣ ጠረግሁ፣ መለስሁ... እንቢ። ገመዱን ስጎትት ትከሻዬ ሊገነጠል። በኋላ ሳየው ለካ ቤንዚኑን አልከፈትሁትም! የሥራ ጓደኛዬ ገዱ ቢኖር እስከ ማታ ይስቅብኝ ነበር። አሁን የሚስቅብኝም የለ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ጎንደር የጥበቃ ሥራ አግኝቶ ሄደ። አልቀየምሁም። እሱ ሚስትና ልጆች አሉት፤ እኔ ማሽን አለኝ። አብረን ስንሠራ እኔ አጭዳለሁ፣ እሱ ከፊቴ ድንጋይ ይለቅማል፣ ከኋላዬ ሣሩን በመንሽ ይሰበስባል፣ ከአላፊ አግዳሚው ጋር ሲለፈልፍ ይውላል። መለፍለፉ ያናድደኝ ነበር። አሁን ማጨዱም መሰብሰቡም በእኔ ላይ ነው።

የሎጁን ግቢ ግማሹን ጨረስሁ። እንግዳ ከጠፋ ቆይቷል። ሣሩ ግን እንግዳ መጣ ቀረ አይል፣ ይበቅላል።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

ዳባት ወርጄ ጆሮዬን ታየሁ። ማታ ማታ እዝዝዝ እያለ እንቅልፍ ነስቶኛል። ሐኪሟ ልጅ ናት፣ ግን ቆራጥ። ማሽኑ ነው አለች፤ ካልሸፈንኸው ትደነቁራለህ። በቃ።

ጎንደር ላለችው እህቴ ለፍቅርአዲስ ደወልሁ። የጆሮ መሸፈኛ ፈልጋ በሚኒባስ ትልክልኛለች። ምነው ጠቅልለህ አትመጣም፣ ማን አለህ እዚያ? አለችኝ። እውነት፣ ማን አለኝ?

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

መሸፈኛው መጣ። ሁለት ቀይ ጎድጓዳ ነገር፣ በአናት በኩል በቅስት የተያያዘ። አድርጌው ማሽኑን አስነሳሁ... ጉድ ነው! ሞተሩ እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ግን የለም። ጎተራ ውስጥ ገብቶ ክዳኑን እንደ መዝጋት ነው። ማታ ጆሮዬ አልጮኸም። ተመስገን።

ዓርብ፣ ሐምሌ 25

ከዋናው መንገድ ዳር፣ አጥር ሥር ስሠራ ዋልሁ። ሰው ሲወጣ ሲወርድ ዋለ። አንድም ሰው ቆሞ አላነጋገረኝም።

ማታ ከጎረቤቴ ከእትዬ በለጠች ጉልት ሽንኩርት ልገዛ ሄድሁ። መዘኑ፣ ሰጡኝ፣ ፊታቸውን አዞሩ። ሌላ ጊዜ ምርቃት ሳይጨምሩ፣ ስለ ወገባቸው ሳያወሩኝ አይለቁኝም። ምን አድርጌያቸው ይሆን? ባስበው ባስበው አልመጣልህ አለኝ።

እሁድ፣ ነሐሴ 4

ፍልሰታ። ከቅዳሴ ስንወጣ ደጀ ሰላሙ ጋ ወደ ቆሙት ሰዎች ጠጋ አልሁ። ወሬያቸውን አቆሙ። ደኅና አደራችሁ አልሁ። ይመስገን አሉ፤ በዚያው አበቃ። እኔም እንደ ሞኝ ትንሽ ቆሜ ሄድሁ።

ገዱ እያለ እንዲህ አልነበረም። ለካ የሚወዱት እሱን ኖሯል። እኔን የሚያውቁኝ ከሱ ጋር ስለምሄድ ነው። ያን ሁሉ ዓመት እዚህ ከተማ ኖሬ...

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ዛሬ ከነጋ ከአፌ የወጣው ቃል "ግማሽ ሊትር ቤንዚን" የሚል ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 27

ለጳጉሜን ሦስቱ ንግሥ የደብራችንን ግቢ በየዓመቱ የማጭደው እኔ ነኝ። በነፃ፣ ለነፍሴ። ገዱ ባይኖርም ብቻዬን እወጣዋለሁ ብዬ ምላጩን ስዬ፣ ቤንዚኑን ሞልቼ ጠዋት ሄድሁ። ስደርስ ሰዎች በማጭድ ተሰልፈው ግማሹን አጭደውታል።

ከሰበካ ጉባኤው አቶ ታደለ ወደ እኔ መጡ። ዓይኔን አላዩኝም።

"ዘንድሮ አንተ ዕረፍ፤ ግድ የለም።"

ዕረፍ! ደከመኝ ያልሁት መቼ ነው? እሺ አልሁ። ማሽኑን ተሸክሜ ተመለስሁ። ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስሁ። ይኸው ጻፍሁት። ትልቅ ሰውዬ ስለ ሣር አለቀሰ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 29

ቆረጥሁ። ጎንደር እሄዳለሁ። ማሽኑን የሚገዛ ሰው ዳባት ተገኘ፤ እሁድ መጥቶ ይወስደዋል። ፍቅርአዲስ ደስ አላት። እኔም ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር... አላለኝም።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜን 1

የኔታ ሀብተ ሚካኤልን ልሰናበት ሄድሁ። ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ዳዊት ያስደገሙኝ እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ቆየ። ቤታቸው ከደብሩ አጥር ሥር ነው። ማነህ አሉ፤ ዋሴ ነኝ አልሁ።

"ዋሴ... ያ የማይመልሰው?"

አልገባኝም። ቀስ ብለው፣ እንደ ልማዳቸው ቃሉን እየመዘኑ ነገሩኝ። በጾሙ በመንገድ ሲያልፉ የማሽኑን ድምፅ ሰሙ። እኔ እንደሆንሁ አወቁ። ቆመው "እግዜር ያበርታህ" አሉኝ። መልስ የለም። በከዘራቸው እየዳሰሱ ጠጋ ብለው ደገሙ። አሁንም የለም። ሠለሱ። ከዚያ መንገዳቸውን ሄዱ።

"ገዱ ሳለ 'አሜን የኔታ፣ አብሮ ያበርታን' ትሉኝ ነበር። ዘንድሮ ዋሴ በፍልሰታ ጆሮው ላይ ዘፈን ሰክቶ፣ ትከሻውን እየሰበቀ፣ ላለፈ ላገደመው አይመልስም ሲሉኝ ሐሰት ነው ብዬ ተቆጥቼ ነበር። በኋላ ራሴ ደረስሁበት።"

ዘፈን? እኔ? ትከሻዬን የሚሰብቀኝ እኮ ሞተሩ ነው! ከተማው ሁሉ እስክስታ የምመታ መስሎት ከርሟል። ለሠራተኛ "ያበርታ" ሳይል የሚያልፍ፣ ተብሎም "አሜን" የማይል ሰው በኛ አገር ምን እንደሚባል አውቃለሁ። እኔም ብሆን እንደዚያ ያለውን ሰው ፊት እነሳ ነበር።

ቤቴ ሮጬ መሸፈኛውን አመጣሁ። በእጃቸው ዳሰሱት። ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። ደጅ ተማሪዎቻቸው ይጮኻሉ፣ ውሻ ይጮኻል፣ እሳቸው ግን አንገታቸውን አቅንተው ጠበቁ። ቆይተው አወለቁት።

"ዘፈኑ የታል?"

"የለም፣ የኔታ። ዝም ነው።"

"ክረምቱን ሁሉ እዚህ ውስጥ ነበርህ?"

"አዎ።"

"አይ ልጄ..." እጄን ያዙ። ቶሎ አልለቀቁኝም። "እኔ ሰው የማየው በጆሮዬ ነው። ይህን ቢደፉብኝ አንድ ቀን አላድርም።"

ጉልበታቸውን ስሜ ይፍቱኝ አልሁ። ፈቱኝ። ልሰናበት መሄዴን ረስቼው ተመለስሁ።

እሁድ፣ ጳጉሜን 2

ገዱ ጋ ደወልሁ። ለመሆኑ ከኋላዬ ሆነህ ለሰው ስትመልስ የኖርኸው ለሁለታችን ነው ወይ አልሁት። ሳቀ። አንተ ሞተር ካስነሳህ መቼ ሰው ይታይሃል፣ "ዋሴም አሜን ብሏል" እያልሁ ነበር የምሸኛቸው አለኝ። ለምን አልነገርኸኝም?

"ምኑን ልንገርህ? ሥራዬ እኮ ነው።"

እኔ ደግሞ መለፍለፍ ነበር የምለው። በስልክ ማመስገን አፈርሁ፤ ልጆቹን ጠይቄ ዘጋሁ።

የዳባቱ ሰውዬ መጣ። አልሸጥም ስለው ተቆጣ፤ እውነቱን ነው። ምሳ አብልቼ፣ የሚኒባሱን ከፍዬ ሸኘሁት። ፍቅርአዲስም ተቆጥታለች። እሷን ምን አብልቼ እንደማስታርቃት እንጃ።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 3

ንግሥ። ታቦቱ ከገባ በኋላ የኔታ መሸፈኛውን አስመጡኝና አቶ ታደለን አስጠርተው ጆሮህ ላይ አድርገው አሏቸው። አደረጉት። ሰው ተሰበሰበ፣ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እትዬ በለጠች ነጠላቸው ላይ ደፍተውት ትሰሙኛላችሁ ወይ ብለው ሲጮኹ ግቢው በሳቅ አለቀ። እኔም ሳቅሁ። አቶ ታደለ እጄን ጨብጠው፣ ለመስቀል የደመራውን ቦታ ታጭድልናለህ አሉኝ።

ሁሉም ያመነ ግን አይመስለኝም። አንዳንዱ አሁንም በቆረጣ ያየኛል።

ሐሙስ፣ መስከረም 8

ዋናው መንገድ ዳር። መሸፈኛውን አልተውሁትም፤ ጆሮዬም ያስፈልገኛል። ግን ትንሽ እንዳጨድሁ ቀና እላለሁ፤ ሰው ሲመጣ ካየሁ አጠፋለሁ፣ አወልቃለሁ፣ እጠብቃለሁ። የመጀመሪያዎቹ የአምባራስ መንደር ሰዎች ነበሩ፣ በቅሎ ይዘው። እግዜር ያበርታህ አሉኝ። አሜን፣ አብሮ ያበርታን ስል ቃሉ ተደነቃቀፈብኝ። በገዱ አፍ ስኖር አፌ አልለመደውማ። እትዬ በለጠች እንዳላየኋቸው ሲያውቁ በአፈር ጓል ቦት ጫማዬን መቱኝና ስለ ወገባቸው አወሩኝ። እስከ መጨረሻው ሰማሁ።

ቤቱ ማታ ያው ባዶ ነው። ገዱም አይመለስም።

ድሮ በግማሽ ቀን የምጨርሰው የአጥር ሥር ሣር ዛሬ ፀሐይ እስክትጠልቅ ግማሹ አላለቀም። ሰው በዛብኝ።