ነጭ ቀሚስሽን አልጨረስኩትም

አንቺ ነጭ ለባሿ፣ አዎ አንቺን ነው፣ ታላቅ እህቴ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ባለቤትሽስ? አማትሽስ ደህና ናቸው? ጤና ይስጥሽ እንዳልልሽ ጤናውን ጠቅልለሽ ወስደሽዋል። እኔን ከጠየቅሽኝ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ግድግዳ ይዤ።

ያን ነጭ ጨርቅ ይዘሽ ሱቄ የመጣሽ ቀን አንጀቴ አረረ። ጥቁር ቀሚስ እየተቀባበልን ያደግን፣ ከወንበር ስንነሳ "ከኋላዬ እዪልኝ" የምንባባል ሁለት እህትማማቾች፣ አንዷ ተነስታ "ነጭ ስፊልኝ፣ ጠበብ አርጊው" ትላለች! ወገብሽን ስለካ ጉንጭሽ ቲማቲም መስሏል፤ የኔ ፊት ከጨርቅሽ አይለይም። ምን አግኝተሽ ነው ብልሽ ሳቅሽና ሰውነት ይለወጣል አልሽኝ። የኔን ማን ጠልቶት ነው የማይለወጠው?

ቀናሁ፣ አልዋሽሽም። በባልሽ ቀንቼ አላውቅም፣ በቤትሽም። ወንበሩን ዞር ብለሽ ሳታዪ ስትነሺ ነው የቀናሁት።

ባለፈው ሳምንት እየሰፋሁ ወደቅኩ። ጤና ጣቢያ ያደረሰችኝ ደንበኛዬ ናት። ነርሷ ደሜን አስመርምራ፣ ደምሽ ተሟጧል፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ትጠብቂ ነበር አለችኝ። የወር አበባ እንዲህ መብዛቱ ዘራችን ነው አልኳት። "ሕመም ነው እንጂ ምን ዘር ነው፣ መድኃኒት እኮ አለው" አለች። በአልትራሳውንድ አዩኝ፣ ደም የሚተካ የአይረን ክኒን ሰጡኝ። ከዚያ አስመረጠችኝ። ደሙ በሚፈስበት ቀን ብቻ የሚዋጥ ክኒን አለ፤ በየቀኑ የሚዋጥ የሆርሞን ክኒን አለ፤ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ ሆርሞን ያለው ሉፕም አለ። ቀዶ ጥገና እነዚህ እምቢ ካሉ ነው አለችኝ። ሉፑ ደሙን ይቀንሳል፣ አንዳንዷ ላይ ጭራሽ ያቆመዋል፤ እስካለ ድረስ ግን ልጅ አይያዝም፣ ሲወጣ ይያዛል።

ነጩ ጨርቅሽ ዓይኔ ላይ መጣ።

ሦስት ልጅ ይበቃኛል ብዬ ሉፑን መረጥኩ፤ ሰኞ ቀጠሮዬ ነው። እናታችን ስትሰማ አበደች። ማህፀንሽን ሊዘጉት ነው፣ አትሄጂም፣ እህትሽ ችላ አይደል የዳነችው አለች። ባሌም እናትሽ ካሉ ብሎ እጁን አጣጠፈ። አንቺ እዚያው ተቀምጠሽ እውነት ነው እንደማለት ራስሽን ነቀነቅሽ። እናታችን ካንቺ አፍ የወጣውን ብቻ እንደምትሰማ እያወቅሽ!

አማትሽ ገና ላልተረገዘ የልጅ ልጃቸው የሚሠሩት ሹራብ እጅጌው ላይ ደርሷል አሉ። በዚህ አልመጣብሽም፣ እሱ በሆዴ ይቀራል። የምጠይቅሽ ስለ ደሙ ብቻ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ አንቺ መድኃኒቱን ደበቅሽ።

ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ጤናሽንም አይንሳሽ። እሁድ እናታችን ቤት ስንሰበሰብ ጠርዙ ያልተሰፋ ቀሚስሽን ይዤ እመጣለሁ። በእናታችን ፊት፣ በባሌ ፊት፣ ችለሽ ነው ወይስ ታክመሽ ብዬ እጠይቅሻለሁ። ጆሮዬ ላይ እንዳታንሾካሽኪ። ቆመሽ፣ ሁሉም እየሰማ መልሺልኝ።

ከኋላሽ ስታይልሽ የኖረችው
ታናሽ እህትሽ